ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ስለማስረዳት

ከፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባለ አራት ፎቁ ሕንጻ ደረጃ ሥር፣ በፀጉር አስተካካዩና በሻንጣ ነጋዴው መካከል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል አለች። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ማተሙንም ስካን ማድረጉንም የሚችል አንድ ማሽን፣ ሦስት ወንበርና ለፎቶ ተብሎ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ነጭ ጨርቅ አለ። ከጠረጴዛው ጀርባ የምትቀመጠው ሴት ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ታይፕ» ይላታል፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁት ባሏና ባንኩ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ቅጽል ስሙ የመጣው ከድሮ ሥራዋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ዳኞቹ በጥድፊያ የሚጭሩትን፣ እነሱ ራሳቸው ተመልሰው የማያነቡትን ጽሑፍ አንብባ ፊደል ሳታዛንፍ ትመታው ነበር። ሥራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ የገባት ገና በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት ነው። አጠገቧ የሚቀመጥ ባልደረባዋ፣ ዳኛው ከእስር «ይፈታ» ያሉትን ሰው «ይፋታ» ብሎ መታው። የእስረኛው ሚስት ውሳኔውን ይዛ መጥታ «ማን አፋቱን አላችሁ?» እያለች መዝገብ ቤቱን ስታምሰው ዋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ ታይፕ የጻፈችውን ሁሉ ሦስት ጊዜ ታነባለች፤ አንዴ ለሐሳቡ፣ አንዴ ለፊደሉ፣ አንዴ ደግሞ ከመጨረሻው ቃል ጀምራ ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ሲነበብ ሐሳቡ ስለሚጠፋ ዓይን የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው ትላለች።

ጡረታ ስትወጣ ጣቶቿ ሥራ ፈትተው መቀመጥ አልሆነላቸውም። ክፍሏን የተከራየችው ማመልከቻና ውል ልትጽፍባት ነበር። በሁለተኛው ወር ግን አንዲት ነርስ ስልኳን ጨብጣ መጣች። ለሥልጠና ወደ ውጭ ልትሄድ ነው፤ የምትሄድበት አገር ደግሞ ቪዛ በኤምባሲ መስኮት መስጠቱን ትቶ ሁሉንም ነገር በኢንተርኔት አድርጎታል። ነርሷ ራሷ ሞልታ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። እትዬ ታይፕ መነጽሯን አጥልቃ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል። ነርሷ የአያቷን ስም ሞልታለች፤ በፓስፖርቱ ግርጌ ያሉት ሁለት የፊደልና የቁጥር መስመሮች ግን እዚያ ቦታ ያስቀመጡት የአባቷን ስም ነው።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ማሽን አንቺን አያውቅሽም» አለቻት። «የሚያውቀው እነዚህን ሁለት መስመሮች ነው። እነሱ እንዳሉሽ ሁኚለት።»

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ፈቃዷን አሳትማ ሄደች። በሳምንቱ ሦስት ጓደኞቿን ላከች። ከዚያ ወዲህ በዚያች በር ያልገባ የለም፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ልጇን ልታርስ የምትሄደው እናት፣ ለውድድር የተጠራው የእግር ኳስ ዳኛ ሳይቀር። እትዬ ታይፕ ባለ ካሬ ደብተር ገዝታ የየአገሩን ጠባይ መመዝገብ ጀመረች። የትኛው አገር ፎቶው ላይ ጥላ ካየ ይመልሳል፤ የትኛው አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ለሚያልፈው ሰው እንኳ የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የመንግሥቱን እውነተኛ ድረ ገጽ አስመስለው ከሚሠሩት እንዴት ይለያል። የውጭውን ቋንቋ ፍርድ ቤት እያለች ትርጉም ስትመታ ነበር የለመደችው፤ ስትናገረው ቀስ ትላለች እንጂ ስታነብ ቃል አታልፍም።

ሦስተኛው ወንበር የባሏ ነው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ሲሆን፣ ምሳዋን በሳህን ሸፍኖ ያመጣና እስከ ማታ ሳይሄድ ይውላል። ሥራው ባለጉዳዮችን ማረጋጋት ነው። ከከተማው ወጥቶ ባያውቅም የዓለምን በረራ በሙሉ በአውቶብስ መስመር ይተነትነዋል። «ትራንዚት ማለት» ይላል ለፈራ ሁሉ፣ «ወርደሽ ሌላ አውቶብስ መጠበቅ ነው። ሻንጣሽ ግን ራሱ ይሳፈራል። አንቺ ብቻ አትጥፊ።»

መንትዮቹ የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ መጋረጃ ሰፊዎች ናቸው፤ በዚያ ከተማ ካሉት ሆቴሎች የግማሾቹን መስኮት ያለበሱት እነሱ ናቸው። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። ቁመታቸው እኩል፣ ሽበታቸው የጀመረው ከአንድ ቦታ፣ መነጽራቸው እንኳ ከአንድ ሱቅ የተገዛ ነው። ታላቋ በሩብ ሰዓት ትበልጣለች። ሩብ ሰዓቱ ግን እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ታናሿ ዕድሜዋን ሙሉ «እቴቴ» ስትላት ኖራለች፣ በር ላይ ሲደርሱም ቆማ ታሳልፋታለች።

«ወንድማችን ሊያገባ ነው» አለች ታላቋ ገና ሳትቀመጥ።

«በስድሳ ስድስት ዓመቱ» አለች ታናሿ።

«ለመጀመሪያ ጊዜ» አለች ታላቋ።

«ሲያስብበት ቆይቶ ነዋ» አለ ሹፌሩ ከወንበሩ እየተነሣላቸው። «እንዲህ ያለ ነገር ተቻኩለው አይገቡበትም።»

ወንድማቸው የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነው። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት በአንድ መርከብ ተሳፍሮ ሄዶ፣ ከባሕር ማዶ ባለች አንዲት የወደብ ከተማ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ነው የመጣው፤ አንዴ አባታቸው ሲሞቱ፣ አንዴ እናታቸው ሲሞቱ። ሦስቱ እህትና ወንድም ለሐዘን እንጂ ለደስታ አንድ ቀን ተገናኝተው አያውቁም። አሁን ጡረታ ከወጣች አስተማሪ ጋር ሊጋባ ነው። ሠርጉ ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

እትዬ ታይፕ በታላቋ ጀመረች። ፓስፖርቷን ስካን አደረገች፣ ነጩ ጨርቅ ፊት አቁማ ፎቶ አነሳቻት፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እየተረጎመች ጠየቀቻት። ሁሉም ደህና ሄዶ አንዱ ጋ ሲደርሱ ታላቋ ቆጣ አለች።

«በሽብር ሥራ ተሳትፈው ያውቃሉ ወይ? እኔን ነው?»

«ሁሉንም ነው የሚጠይቁት፤ እርስዎን ብቻ አይደለም» አለች እትዬ ታይፕ።

«ስድሳ ሦስት ዓመት በክብር ኖሬ—»

«እቴቴ፣ 'አላውቅም' በይና እለፊ፤ ወንድማችን ሳናይለት ሊያገባ ነው» አለች ታናሿ።

መንትዮቹ ያላቸው አንድ ስልክ ነው፤ ኢሜይላቸውም አንድ ነው፣ የጎረቤት ልጅ የከፈተችላቸው። የሁለቱም ማመልከቻ በዚያው ስልክና ኢሜይል ተላከ። እትዬ ታይፕ ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ አንብባ «አስገባ» የሚለውን ነካች።

ረቡዕ ዕለት የታላቋ ፈቃድ መጣ። ሹፌሩ ዜናውን ይዞ እስከ መጋረጃ ሱቃቸው ድረስ በእግሩ ሄደ፤ ደውሎ መንገር ደስታውን የሚያሳንስበት መስሎታል። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ የታናሿ መልስ መጣ። «ይህ አመልካች ፈቃድ ተሰጥቶታል። የተደገመው ማመልከቻ ተዘግቷል» ይላል።

እትዬ ታይፕ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸው። የትውልድ ቀን አንድ። የትውልድ ቦታ አንድ። የአባት ስም አንድ። ቤት፣ ስልክ፣ ኢሜይል አንድ። ፓስፖርቱንም ያወጡት በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት፣ ተከታትለው ስለሆነ ቁጥሩ የሚለያየው በመጨረሻው አኃዝ ብቻ ነው። ፊታቸው ደግሞ ያው ፊታቸው ነው። ማሽኑ አንዲት ሴትዮ የራሷን ስምና ቁጥር ተሳስታ፣ አስተካክላ እንደገና የላከች አድርጎ ነው የቆጠረው።

«ምንም አይደለም» አለ ሹፌሩ፣ ተጠርተው የመጡትን መንትዮች ተራ በተራ እየጠቆመ። «እሳቸው ይሂዱና ሲመለሱ በዚያው ወረቀት እሳቸው ይሄዳሉ። ማን ያውቃል?»

«ሠርጉ አንድ ቀን ነው» አለች ታናሿ ሳቋን እየዋጠች።

ታላቋ አልሳቀችም። «እኔ ብቻዬን አልሄድም» አለች። «ይኸው ነው።»

እትዬ ታይፕ ለታናሿ አዲስ ኢሜይል ከፈተች፣ የሹፌሩን ስልክ ቁጥር አስገባች፣ ፀጉሯን ወደ ሌላ ጎን አስተኝታ አዲስ ፎቶ አነሳቻት። ሰዓቱ መሽቶ የሕንጻው ዘበኛ ቁልፉን እያንቃጨለ ደረጃው ላይ ቆሟል። መንትዮቹ ሁለቱም ከጀርባዋ ሆነው ትከሻዋ ላይ ይተነፍሳሉ። አንዴ ብቻ አነበበችና «አስገባ»ን ነካች።

በማግስቱ መልሱን ስትከፍት ስህተቷን አየችው። ፎርሙ «ከዚህ በፊት ወደ አገራችን ለመግባት አመልክተው ያውቃሉ?» ሲል ይጠይቃል፤ መልሱ ላይ «የለም» የሚለው ቀድሞ ተመርጦ ነበር። እሷም ሳትቀይረው አልፋዋለች። ማሽኑ ያንን ፊት ያውቀዋል፤ የተዘጋ ማመልከቻም መዝግቧል። ስለዚህ «የተሳሳተ መረጃ» ብሎ አዲሱን ማመልከቻ ያዘው። እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፤ ለታላቋ የተሰጠውም ፈቃድ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ታግዷል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ፊደል አልሳትኩም ስትል የኖረች ሴት ናት። ደብተሯን ዘግታ መነጽሯን አወለቀች። ባሏ ቀና ብሎ አያትና ሳህኑን እንደተሸፈነ አስቀመጠው።

«ልንገራቸው?» አላት።

«እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለችው።

መጋረጃ ሱቃቸው ድረስ ሄደች። መንትዮቹ አንድ ረጅም የትምህርት ቤት መጋረጃ ዘርግተው፣ ታላቋ ከቀኝ ጫፍ፣ ታናሿ ከግራ ጫፍ ጀምረው ጠርዙን በእጅ እየሰፉ ወደ መሀል ይመጣሉ። እትዬ ታይፕ ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻቸው። ማሽኑ ምን እንዳለ፣ እሷ ምን እንዳጠፋች፣ አንዴ ብቻ አንብባ እንደላከችው፣ አሁን ሁለቱም ፈቃድ እንደሌላቸው።

ታላቋ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ እህቷን አየቻት። ታናሿ ግን ፈገግ አለች።

«እትዬ ታይፕ» አለቻት፣ «የገዛ አባታችን ስድስት ዓመት እስኪሞላን እያምታታን አንዳችንን ሁለት ጊዜ ያጥብ፣ አንዳችንን ሳያጥብ ያስተኛ ነበር። ማሽኑ ምን ያድርግ?»

«ሳትታጠብ የምታድረው እሷ ነበረች» አለች ታላቋ። ከዚያ ወንበር ሳበችላት። «ተቀመጪ ባክሽ። ስንት ቀን ቀረን?»

አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እትዬ ታይፕ ከድረ ገጹ ረዳት ጋር ስትጻጻፍ ሰነበተች። ረዳቱ ሰው አይደለም፤ የሚጠይቁትን ትቶ የሚያውቀውን የሚመልስ ነገር ነው። «ሁለት ሰዎች ናቸው» ስትለው «ለአንድ ሰው አንድ ማመልከቻ ይበቃል» ይላታል። «መንትዮች ናቸው» ስትለው «መንታ ሕፃናትን ይዞ ስለመጓዝ» የሚል መመሪያ ይልክላታል። ሹፌሩ ከኋላ ሆኖ እያነበበ፣ «ይሄስ የድሮ አለቃዬን ነው የሚመስለው» አለ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የመጣላት ሐሳብ ከድሮ ሥራዋ የመጣ ነው። ፍርድ ቤት እያለች ጉዳይ የሚሰማው የሚጮኸው ሰው አልነበረም፤ መዝገቡን አሟልቶ የሚያቀርበው ነበር። ፎርሙ ግርጌ ላይ ማንም የማይነካት «ተጨማሪ ማስረጃ ያያይዙ» የምትል ትንሽ ቦታ አለች። እትዬ ታይፕ ረዳቱን ዘግታ አንድ ባዶ ገጽ ከፈተችና እንደ ድሮው አቤቱታ መምታት ጀመረች። በውጭው ቋንቋ ከመገልበጧ በፊት መንትዮቹን አስቀምጣ በራሳቸው ቋንቋ አነበበችላቸው።

«ጉዳዩ፦ ሁለት ሰዎች መሆናችንን ስለማስረዳት። እኛ አመልካቾች ከአንዲት እናት በአንድ ቀን፣ በሩብ ሰዓት ልዩነት የተወለድን ሁለት ሰዎች ስንሆን፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒውተር እንደ አንድ ሰው ቆጥሮናል። በኮምፒውተሩ አንፈርድበትም፤ ጎረቤቶቻችንም ይሳሳታሉ። ሆኖም የሚያገባው ወንድማችን ሁለት እህቶች ያሉት ስለሆነ፣ ሁለታችንም እንድንገኝለት እንፈልጋለን። በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ 'ከዚህ በፊት አላመለከትኩም' ተብሎ የተሞላው የጸሐፊዋ ስህተት እንጂ የአመልካቿ ውሸት አይደለም። ጸሐፊዋም ስሟንና ስልኳን ከዚህ በታች አስፍራለች።»

«ለምን ራስሽን ትከሺያለሽ?» አለች ታናሿ።

«ካልጻፍኩት እርስዎ ላይ ነው የሚለጠፈው» አለች እትዬ ታይፕ።

አሁን የቀረው ማስረጃ ነው። ታላቋ ከሣጥን ሥር የተወለዱበትን ሆስፒታል የቆየ ወረቀት አመጣች፤ አዋላጇ በቀይ እስክሪብቶ «መንታ» ብላ ጽፋ ሁለቱን ሰዓት አስፍራበታለች። ሁለቱ ፓስፖርቶች ባንድ ገጽ ስካን ተደረጉ። ቀጥሎ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የየራሳቸውን ፓስፖርትና የዕለቱን ጋዜጣ ይዘው የሚነሱት ፎቶ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ይዞ ሮጦ ገባ፤ ሻንጣ ነጋዴው አምፖል ያዘ። ፎቶ አንሺው ሹፌሩ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የታላቋ ራስ የለም። ሁለተኛው ላይ የራሱ አውራ ጣት አለ።

«አርባ ዓመት መስታወት እያየህ አውቶብስ ነዳህ» አለችው ሚስቱ።

«አውቶብሱ አይስቅም ነበር» አለ፤ መንትዮቹ እየሳቁ አላስቆም ብለውታል። በአምስተኛው ተሳካ።

በመጨረሻ እትዬ ታይፕ በዚያን ቀን ሱቃቸው ውስጥ ያየችው ትዝ አላት። ታላቋ የምትሰፋው በቀኟ ነው፣ ታናሿ በግራዋ። ለዚህ ነው አንድን መጋረጃ ከሁለት ጫፍ የሚጀምሩት። ሲሰፉ የሚያሳይ የአሥራ ሁለት ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጻ አያያዘች። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበች። ከዚያ አራተኛ አነበበች። ላከችው።

ስድስት ቀን ምንም የለም። መንትዮቹ በየማለዳው ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ብቅ ይላሉ፤ ሳይጠይቁ ፊቷን አይተው ይመለሳሉ። በሰባተኛው ቀን ግን ረዳቱ ሳይሆን ሰው የጻፈው መልስ መጣ፤ ከታች ስም አለው። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለቱም አመልካቾች በቪዲዮ እንዲቀርቡ፣ አስተርጓሚ ካስፈለገም ጸሐፊዋ መሆን እንደምትችል ይናገራል።

ማክሰኞ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ የፀጉር ማሽኑን አጠፋ፣ ሻንጣ ነጋዴው በሩ ላይ ቆሞ ሰው መለሰ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጢሙ የሸበተ፣ ክራባቱ ወደ አንድ ጎን የሄደ ሹም ነው። ሰላምታ ሰጥቶ ወረቀቱን ገለጠ።

«የመጀመሪያዋ አመልካች የትኛዋ ናቸው?» አለ። እትዬ ታይፕ ተረጎመች። ከጭንቀቷ የተነሳ ግን «የመጀመሪያዋ» የምትለውን ቃል ዘለለቻት።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም።

ሹሙ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አጠለቀ። አንድ በአንድ እንዲሆን ጠየቀ። ታናሿ ወጥታ ሻንጣ ነጋዴው ዘንድ ተቀመጠች። ታላቋ የወላጆቿን ስም፣ የወንድሟን ሥራ፣ የሠርጉን ቀን ሳትደናቀፍ መለሰች። በመጨረሻም ሹሙ፣ «ከእህትዎ በምን ይለያሉ?» አላት።

ታላቋ አላሰበችም። «እሷ ወሬ ታበዛለች፤ ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ።»

ተራው የታናሿ ሆነ። ወላጆቿን ጠራች፣ ወንድሟን ጠራች፣ የሙሽራዋን ስም እንኳ አስተካክላ ተናገረች። ሹሙ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት።

«እሷ ወሬ ታበዛለች» አለች ታናሿ። «ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ።»

እትዬ ታይፕ ለመተርጎም አፏን ከፍታ አቃታት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ እንደምንም ቃሉን አወጣችው። ስክሪኑ ላይ ሹሙ ወረቀቱን ፍለጋ ያጎነበሰ መሰለ፤ ሲያጎነብስ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑን በክራባቱ ጫፍ ጠረገ።

ሁለቱንም አንድ ላይ ጠራቸው። ወረቀት ይዘው እኩል ስማቸውን እንዲጽፉ አዘዘ። ታላቋ በግራ በኩል ተቀምጣ በቀኟ፣ ታናሿ በቀኝ በኩል ተቀምጣ በግራዋ ጀመሩ፤ ክርናቸው ተጋጨ። «ጠጋ በይ» «አንቺ ጠጋ በይ» ተባባሉ። ይሄን ማንም አልተረጎመለትም፤ ሹሙ ግን የገባው ይመስላል።

«በቃ፣ ሁለት ናችሁ» አለ። «መዝገቡ ላይ እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ።» ቀጥሎ ወደ እትዬ ታይፕ ዞሮ፣ «ደብዳቤውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አላት። ነኝ አለችው። «እዚህ ቢሮ ሁላችንም አንብበነዋል» አለና ተሰናበታት። እትዬ ታይፕ ይህን ለመንትዮቹ ሳትተረጉም ለራሷ አስቀረችው። ማታ ለባሏ ነገረችው።

በማግስቱ ሁለቱም ፈቃዶች መጡ። ሹፌሩ ኮፍያውን አንሥቶ ሊሮጥ ሲል እትዬ ታይፕ «ቆይ» አለችው። አተመቻቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፣ አንብባ አንብባ ከግርጌ ወደ ላይ ስትመለስ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። በሁለቱም ላይ ያለው የፓስፖርት ቁጥር የታላቋ ነው። ታናሿ በዚህ ወረቀት አውሮፕላኑ በር ላይ ትቀር ነበር። ሹሙ በሰጣቸው የመዝገብ ቁጥር ወዲያው ጻፈች፤ ከሰዓት በኋላ የታረመው ወረቀት ከአንድ አጭር ይቅርታ ጋር መጣ። ያኔ ነው ደስታው እንደ ልብ የሆነው። ፀጉር አስተካካዩ የሚላጭ ደንበኛውን ግማሽ ፊቱን በአረፋ ትቶት መጣና ሁሉንም ሳመ። ደንበኛውም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ተከትሎ ገብቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ አየር ማረፊያ ሸኟቸው። ሹፌሩ እስከ መግቢያው ድረስ ስለ ትራንዚት ሲያስረዳ ሄደ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ የታላቋን ወረቀት ማሽኑ ፊት ያዘ፤ አረንጓዴ በራ። የታናሿን ሲይዝ እትዬ ታይፕ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና ትንፋሿን ያዘች። እሱም አረንጓዴ በራ። ታናሿ ለዕድሜዋ በማይመች ፍጥነት ዘወር ብላ ሁለት እጇን አነሳችላቸው፤ ታላቋ ደግሞ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

እሑድ ዕለት የድምፅ መልእክት ደረሳቸው። ሁለቱም አንድ ላይ ስለሚያወሩ ግማሹ አይሰማም። የተሰማው ይህ ነው፦ ወንድማቸው አየር ማረፊያው ድረስ አበባ ይዞ መጥቶ፣ እያለቀሰ ታናሿን በታላቋ ስም ጠርቶ አቀፋት። የመርከብ ሞተር በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው የገዛ እህቶቹን አልለየም። ሙሽራዋ ግን ገና ሰላም ስትላቸው፣ የትኛዋ ታላቅ የትኛዋ ታናሽ እንደሆነች ለይታ ጠራቻቸው፤ እንዴት እንዳወቀች ሲጠይቋት፣ አንደኛዋ ሌላኛዋን በር ላይ ስታሳልፍ አየሁ አለቻቸው። ሹፌሩ መልእክቱን ስድስት ጊዜ አሰማ፤ ሁለቱን ጊዜ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ነው።

መንትዮቹ በወሩ ሲመለሱ አዲስ ጉዳይ ይዘው መጡ። ሙሽሮቹ ባልና ሚስት የባል አገር ሊጎበኙ ፈልገዋል። ወንድማቸው ፓስፖርቱን ከቀየረ ቆይቷል፤ እንግዲህ ወደ ተወለደበት ከተማ ለመግባት እሱም እንደ ማንም የውጭ ሰው የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ሊጠይቅ ነው። እትዬ ታይፕ ፎርሙን ከፍታ በስልክ እየጠየቀች ትሞላለት ጀመር።

«የጉዞዎ ዓላማ ይላል» አለችው። «መዝናናት፣ ሥራ፣ ስብሰባ፣ ሕክምና፣ ቤተሰብ መጠየቅ። የቱን ልበል?»

«እስከዛሬ የመጣሁት ለቀብር ነበር» አላት። «አሁን መዝናናት በይልኝ።»

«ቤተሰብ መጠየቅ ይሻላል» አለች ታላቋ ከጀርባ።

«መዝናናት ብያለሁ» አለ ወንድማቸው።

እትዬ ታይፕ «መዝናናት» የሚለውን መረጠች፣ ሦስት ጊዜ አነበበች፣ ላከች። የእሱም የሚስቱም ቪዛ በሁለት ቀን ያለ አንዳች ጣጣ መጣ፤ ሹፌሩ «ይሄው ነው? ሌላ ነገር የለውም?» ብሎ ወረቀቱን ገልብጦ አየው። ባልና ሚስቱ ሐሙስ ቀን ገቡ። ዓርብ ጠዋት ከመንትዮቹ ጋር ሆነው በዚያች በር ሲገቡ ክፍሏ ሞላች። ሁለት ወንበሮች ለእንግዶቹ ተለቀቁ፤ ሻንጣ ነጋዴው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ አምጥቶ መንትዮቹን አስቀመጠባቸው። እትዬ ታይፕ ጠረጴዛዋን ተደግፋ ቆማ፣ ሙሽራዋ ስትጠይቅ ለእህቶቹ፣ እህቶቹ ሲመልሱና ሲቀልዱ ለሙሽራዋ እየተረጎመች አረፈደች። ውጭ ፓስፖርታቸውን የያዙ አራት ባለጉዳዮች ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ የውስጡ ሳቅ ምን እንደሆነ ለማየት አንገታቸውን አስግገው፣ እነሱም ሳቅ ሳቅ ይላቸው ነበር።